ዳኞቹን ሸኝተን ሰዓቱን አቆየነው፦ የአንድ የግጥም ምሽት ጉዳይ ጥናት

አዲስ አበባ ውስጥ የግጥም ምሽት የሚያዘጋጁ ሰዎች ሲገናኙ ወሬያቸው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ሰው ይመጣል፣ ግን አይቆይም። የቆየውም ስልኩ ላይ ነው። መድረክ ላይ ያለው ልጅ ሆዱን ገልብጦ ያነባል፣ ታች ያለው ማኪያቶውን ያማስላል።

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ስብስብ ነው። የስብስቡንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። አንዳንዶቹ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ናቸው፣ የአንዳንዶቹ ቤተሰብ ደግሞ ልጁ ግጥም እንደሚጽፍ እንኳ አያውቅም። እኔ እዚያ ሰዓት ያዥና ገንዘብ ያዥ ነኝ። ግጥም አልጽፍም። ስለዚህ የማወራው በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን ከሐዋሳ የመጡ ልጆች «የስላሙን ደንብ ላኩልን» ማለታቸው ነው። ስላም ማለት ከታዳሚው የተመረጡ ዳኞች ነጥብ የሚሰጡበት የግጥም ውድድር ነው። ደንቡን ብቻ መላክ ልጆቹን ማሳሳት ይሆናል፣ ምክንያቱም ግማሹን እኛው ራሳችን ጥለነዋል። የትኛውን ግማሽ፣ ለምን እንደጣልን ካልተነገረ ደግሞ እነሱም ያንኑ መንገድ ከመጀመሪያው ሊሄዱት ነው።

መነሻው

ስብስቡ የተጀመረው ፒያሳ ውስጥ ባለች አንዲት ካፌ ጓሮ ክፍል ነው። ወር በገባ የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ከ11፡30 ጀምሮ። ማይኩ ለማንም ክፍት ነው። በሩ ላይ ስምህን ታስመዘግባለህ፣ ተራህ ሲደርስ ትወጣለህ፣ ታነባለህ። አለቀ። ሌላ ደንብ አልነበረም፣ በዚህም እንኮራ ነበር።

በከተማው የግጥም መድረክ አልጠፋም። ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ነበር፣ ፑሽኪን አዳራሽ ነበር፣ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ነበር። ታሪኩም ሩቅ ነው፤ በ1950ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን ንጉሡ ፊት ቆመው ግጥም ያነቡ ነበር፣ ያውም እየተወዳደሩ፣ ያውም ቤተ መንግሥቱን የሚጎነትል ግጥም። ነገር ግን እነዚህ መድረኮች ላይ በአብዛኛው የሚወጣው የተጋበዘ ነው። ገና ስሙ ያልታወቀ፣ ደብተሩን ትራስ ሥር ደብቆ የሚያሳድር ልጅ የሚወጣበት ቦታ ያስፈልግ ነበር። የእኛ ለእሱ ነበር።

በ2016 የፒያሳ ቤቶች ለልማት ሲፈርሱ ካፌይቱም አብራ ሄደች። ለተወሰነ ጊዜ ተበተንን። ከዚያ መገናኛ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ምግብ ቤት አገኘን። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ አዳራሹ በነፃ፣ የመግቢያው 100 ብር ለእኛ፣ የሚበላና የሚጠጣው ገቢ ለእሳቸው። ሁለት ሞንታርቦ ተከራየን። ማይኩ ከፒያሳ የተረፈው ነው፣ ሲጠጉት ያፏጫል፣ ሲርቁት ይሞታል።

ችግሩ

አዲሱ ቦታ ሰፊ ነው። ሰውም በዛ። ያኔ ነው ጓሮ ክፍል ውስጥ ተደብቆ የኖረው ነገር ሁሉ አደባባይ የወጣው።

መጀመሪያ ርዝመቱ። ገደብ ስላልነበረ አንዱ ሁለት ስንኝ አንብቦ ይወርዳል፣ ሌላው ግማሽ ሰዓት ይቆማል። ከግጥሙ በፊት ግጥሙ እንዴት እንደተጻፈ ይተርካል፣ ከግጥሙ በኋላ ግጥሙ ምን ማለት እንደሆነ ያብራራል። በተለይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ የሚወደዱና የሚከበሩ ሰው። ማይክ ከያዙ በኋላ የሚያስወርዳቸው የለም። ማን ይድፈር? መድረክ የሚመራው ልጅ የእሳቸው ተማሪ ነበር። ጥግ ላይ ቆሞ እጁን እያሻሸ ፈገግ ይላል። ይኸው ነበር የሰዓት አጠባበቃችን።

ሁለተኛው ተራው ነው። መዝገቡ በመጡበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያነባል። ቀድሞ የደረሰ ደግሞ የአራት ጓደኞቹን ስም አብሮ ያስይዛል። ከሥራ የሚመጣ ሰው፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ስማቸው ታች ይወርዳል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስሟ ሲጠራ የለችም። የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ናት። መዝገቡን ገልጬ ሳየው «አልተገኘችም» ተብሎ የተሰረዘው ስም ሁሉ ማለት ይቻላል የሴት ነበር። ዝግጅታችን ለሴቶች ክፍት ነው እያልን የምንናገረው እኛው ነን።

ሦስተኛው ግን ዋናው ነው፣ የሌሎቹም እናት እሱ ይመስለኛል። የሚያዳምጥ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው አብዛኛው ገጣሚ ነው፣ ተራውን የሚጠብቅ ገጣሚ። እስኪደርሰው የራሱን ግጥም በልቡ ይለማመዳል። ካነበበ በኋላ የጓደኞቹን ጭብጨባ ተቀብሎ፣ ጓደኞቹን ይዞ ይወጣል። ምሽቱ እየገፋ ሲሄድ አዳራሹ እየሳሳ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ የሚያነበው ለእኔና ለሳውንድ ማኑ ነው።

እትዬ ይህን ከሁላችን ቀድመው አይተውታል። አንድ ቀን ሒሳብ ስንተሳሰብ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እናንተ ግጥም ትበላላችሁ፣ እኔ ኪራይ እከፍላለሁ።» አንድ ሻይ ይዞ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ፣ ወይም አንብቦ ወዲያው የሚወጣ ደንበኛ አይጠቅማቸውም። እስከ ፋሲካ ካልተስተካከለ ሐሙስን ለሌላ እንደሚሰጡት ነገሩን። ሳይቆጡ ነው የነገሩን፣ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስፈራን።

ስላሙ እንዴት መጣ

ከመካከላችን አንዷ ዋሽንግተን ዲሲ ተምራ የተመለሰች ናት። እዚያ ሳለች ኦፕን ማይክም ስላምም ትከታተል ነበር። «ውድድር እናድርገው» ያለችው እሷ ናት። ብዙዎቻችን ፊታችንን አጨማደድን። ግጥም ይወዳደራል እንዴ? እሷ ግን መልሷ ቀላል ነበር፦ «ውድድሩ ለገጣሚው አይደለም። ለተቀመጠው ሰው ሥራ ለመስጠት ነው።»

ነገሩ የተጀመረው በችካጎ ነው። ማርክ ስሚዝ የሚባል የግንባታ ሠራተኛ፣ ራሱም ገጣሚ፣ በእ.ኤ.አ. 1986 ግሪን ሚል በሚባል የጃዝ ቤት ውስጥ በየእሑዱ አስጀመረው። የዚያን ጊዜ የግጥም ንባብን ያደከመው ነገር ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ገጣሚ ለገጣሚ ያነባል፣ ሌላው ሰው ያንቀላፋል። የስሚዝ መላ ዳኝነቱን ለጠጪው መስጠት ነበር። አምስት ሰዎች ከታዳሚው መካከል እንዲሁ ይመረጣሉ፣ የግጥም አዋቂ መሆን አይጠበቅባቸውም። ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ፣ በነጥብ ክፍልፋይም ጭምር። ከአምስቱ ትልቁና ትንሹ ይጣላል፣ የቀሩት ሦስቱ ይደመራሉ። ስለዚህ ጣሪያው 30 ነው። ለአንድ ግጥም የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ 10 ሰከንድ ይታለፋል፤ እሱም ካለፈ በየ10 ሰከንዱ ግማሽ ነጥብ ይቀነሳል። ሙዚቃ የለም፣ ልዩ ልብስ የለም፣ ዕቃ ይዞ መውጣት የለም። ሰው፣ ድምፅ፣ ቃል። በቃ።

አንድ ሌላ ነገርም አላቸው። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የማይወዳደር አንድ ገጣሚ ያነባል፣ ዳኞቹ በእሱ ላይ እጃቸውን ያፍታታሉ። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ የዳኞች መለማመጃ እንዳይሆን ነው።

እኛም ይህንኑ እንዳለ ወሰድነው። ለውጥ ያደረግነው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ተራው በዕጣ ይሁን አልን። ለአሸናፊው ደግሞ ከመግቢያው ገቢ 3,000 ብር ይሰጥ አልን። የመጀመሪያው ለውጥ እስከ ዛሬ አለ። ሁለተኛው ራስ ምታት ሆነብን።

የሠራው

ሰዓቱ ሠራ። ከጠበቅነው በላይ ሠራ።

እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ የእጅ ባትሪ አበራለሁ። ድምፅ የለውም፣ ሰው አያሳፍርም፣ ግን ይታያል። ይሉኝታችንን የፈታልን እሱ ነው። «ጋሼ ይበቃዎታል» ብሎ የሚናገር ሰው አያስፈልግም፤ ባትሪው ለሁሉም እኩል ይበራል። ጋሼ በመጀመሪያው ወር ግማሽ መንገድ ላይ ተቆርጠው ወረዱ፣ ፊታቸውም ጠቆረ። የሚመለሱ አልመሰለንም። በሚቀጥለው ወር መጡ። ግጥማቸው ሁለት ገጽ በታይፕ የተጻፈ ነበር፤ በቀይ እስኪርብቶ ከላይ አንድ አርኬ ሰርዘዋል፣ መካከል ላይ ሌላ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ምክር አዘል ስንኝ ደግሞ በሁለት መስመር አጥብቀው ሰርዘውታል። የቀረውን አነበቡ። ባትሪው ሳይበራ ጨረሱ። ጥሩ ግጥም ነበር፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዝም ብሎ ሰማቸው። ሲወርዱ ወረቀቱን ጠየቅኳቸውና አየሁት። ለተማሪ ፈተና እንደሚያርሙ ነበር ያረሙት፣ በዳር በኩል «አይደጋገም!» ብለው ለራሳቸው ጽፈዋል።

ዕጣውም ሠራ። ስም በወረቀት ተጽፎ ባዶ የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፣ መድረክ መሪው እያወጣ ይጠራል። ቀድሞ መምጣት ጥቅም የለውም፣ ዘግይቶ መምጣትም ጉዳት የለውም። ማን ቀጥሎ እንደሚጠራ ስለማይታወቅ ደግሞ ማንም አንብቦ ጓደኛውን ይዞ አይወጣም፣ ጓደኛው ገና ቆርቆሮው ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ለእትዬ ገቢ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ይመስለኛል። የሚቀመጥ ሰው ይርበዋል። ጥብስ መታዘዝ ጀመረ።

ዳኞቹስ? በአንድ በኩል እነሱም ሠሩ። ወረቀትና ማርከር የተሰጠው ሰው ስልኩን ያስቀምጣል። አጠገቡ ያለውም «ስንት ልትሰጠው ነው?» ብሎ ስለሚጠይቅ እሱም ያዳምጣል። አምስት ዳኛ ማለት አምስት የሚያዳምጥ ጠረጴዛ ማለት ነው። ከዲሲ የመጣችው ልጅ ልክ ነበረች፣ ሥራ የተሰጠው ታዳሚ ሌላ ታዳሚ ነው።

ያልሠራው

ነጥቡ ግን አልሠራም።

የመጀመሪያው ምሽት ውጤት መዝገቤ ላይ አለ። ከ9 በታች የሰጠ ዳኛ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የውጭ አገር ሰው ነበር። ሌላው ሁሉ 9.5፣ 9.8፣ 10። ማን በሰው ፊት 6 ብሎ ያነሳል? ገጣሚው እዚያው ቆሞ ያይሃል፣ እናቱም ልትኖር ትችላለች። ችካጎ ውስጥ ታዳሚው በዳኛ ላይ ይጮሃል፣ ዳኛውም ይስቃል፣ የጨዋታው አካል ነው። እዚህ ማንም አይጮህም። እዚህ ይኮረፋል። ሌላ ጊዜ አንዱ ዳኛ 7 ሰጠና ከምሽቱ በኋላ ደረጃው ላይ ተይዞ «ወንድሜ፣ ምን አድርጌህ ነው?» ተባለ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ዳኛ ሁን ሲባል እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል።

በዚያ ላይ ነጥቡ ምሽቱ በገፋ ቁጥር ይወጣል። ይህ እኛ ጋ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ ስላም ባለበት ሁሉ የታወቀ በሽታ ነው፣ መጀመሪያ የሚያነብ ይጎዳል፣ መጨረሻ የሚያነብ ይጠቀማል። ዕጣ አድርገን ያመጣነው ፍትሕ በነጥቡ በኩል ተመልሶ ወጣ።

ከዚያ 3,000 ብሩ። ብሩ ሲታወቅ የማናውቃቸው ሰዎች መምጣት ጀመሩ፣ ይህ ጥሩ ነው። ሲመጡ ግን ስምንት አሥር ሆነው ነው፣ በየጠረጴዛው ተበታትነው ይቀመጣሉ፣ ዳኛ ሲመረጥ ሁሉም እጁን ያወጣል። አንድ ጊዜ ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ በአንድ ታክሲ የመጡ መሆናቸውን ያወቅነው አብረው ሲሄዱ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ግጥሞቹ መለወጣቸው ነው። በሦስተኛው ወር ገደማ ሁሉም መጮህ ጀመረ። ሽለላ የሚመስል አነባበብ፣ መጨረሻው ላይ እጅን ወደ ላይ፣ «እናት ኢትዮጵያ» የሚል ስንኝ፣ ከዚያ ጭብጨባ። ጭብጨባ የሚያመጣውን ሁሉም አወቀው። ሽለላና ቀረርቶን አልጠላም፣ ቦታ አላቸው፣ ግን ምሽቱን ሙሉ ሲሆን ጆሮ ይደነዝዛል። ቀስ ብለው የሚያነቡት መቅረት ጀመሩ።

አንድ ምሽት በተለይ አለ፣ ነገሩን ሁሉ የቀየረው። አንዲት ልጅ ወጣች፣ ድምጿ ትንሽ ነው፣ ማይኩም እንደለመደው ሊሞት ሊሞት ይላል። ሰፈሯ ፈርሶባታል። ግጥሟ ሁለት ስንኝ ነበር፣ በቃ፦

ቤት የለው ይሉኛል ግጥሜን ሲያዳምጡት፣
የነበረኝንማ ትናንት አፈረሱት።

አንብባ ወረደች። አዳራሹ ግራ ተጋባ። ሰው የሰማው ሰሙን ነው፣ ግጥሟ ቤት አይመታም መባሏን። «ይቺ ምንድን ናት?» የሚል ፊት አየሁ። ዳኞቹ በዚያ ምሽት ከሰጡት ሁሉ ዝቅተኛውን ሰጧት፣ በእኛ አቆጣጠር ማለት 7 እና 8። ቀጣዩ ስም ተጠራ። ቀጣዩ ልጅ ጮኾ አነበበና 29 ምናምን አገኘ።

ከዚያ እረፍት ላይ፣ ከኋላ ተቀምጦ የነበረ አንድ ዲያቆን፣ ጎጃም ቅኔ ቤት የቆየ፣ ወደኔ መጥቶ ተበሳጨ። «ቅኔ እኮ ነው ያለችው። ማንም አላስደገማትም!» ቅኔ ቤት ሲሆን ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭሯ የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ ግን አንዴ ተሰምታ አትታለፍም። ትደገማለች፣ ትፈታለች። እኛ ግን ለወርቁ ጊዜ ሳንሰጥ በሰሙ ዳኘናት። ከተፈቀደላት ሦስት ደቂቃ ላይ የወሰደችው ሩብ ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር።

በዚሁ ምሽት አንድ ልጅ በአፋን ኦሮሞ አነበበ። ከዳኞቹ አብዛኞቹ ቋንቋውን አያውቁም ነበር። የሰጡት ነጥብ ለእጁ እንቅስቃሴና ለድምፁ ነው። ጥሩ ነጥብ ነበር፣ ይህ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አሳፋሪ ያደርገዋል።

ማስተካከያው

የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነበር፣ ብሩን አስቀረነው። በቡድን የሚመጡት በሚቀጥለው ወር ጠፉ። ጥቂቶቹ ግን ቀሩ፣ አንዱ ዛሬ መድረክ ይመራል።

ቀጥሎ ነጥቡን ምስጢር ለማድረግ ሞከርን። ዳኞቹ ወረቀታቸውን አጥፈው ለእኔ ይሰጣሉ፣ እኔ ደምሬ መጨረሻ ላይ አሳውቃለሁ። ይሉኝታው ቀነሰ፣ ነጥቡ ወረደ፣ ግን ምሽቱ ሞተ። ካርዱ ወደ ላይ ሲወጣ የነበረው ሳቅና ግርግር ጠፋ። ሰው ፈተና ክፍል የተቀመጠ መሰለ። አንድ ወር ሞክረን ተውነው።

ሦስተኛው ሐሳብ ከዲያቆኑ ብስጭት የተወለደ ነው። ነጥብ ይቅርና ይደገም እንበል አለች ያቺው ከዲሲ የመጣችው ልጅ፣ የገዛ ስላሟን ራሷ ስታፈርስ ማለት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። አዝማሪ ቤት የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ የወደደውን ያስደግማል፣ ማንም ዝም ብሎ አይቀመጥም። እኛ አገር ታዳሚ ሥራ አጥቶ አያውቅም፣ ሥራውን የነጠቅነው ወንበር በረድፍ ስንደረድር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ሆነ። እያንዳንዱ ታዳሚ ሲገባ አንድ ብጣሽ ወረቀት ይቀበላል። ምሽቱን ሲያዳምጥ ቆይቶ ሊደገም የሚፈልገውን አንድ ግጥም ይጽፋል፣ የገጣሚውን ስም ካላወቀ ከግጥሙ የያዘውን ቃል ይጽፋል። ወረቀቱ ያው ቆርቆሮው ውስጥ ይገባል። ብዙ የተጠየቁት ሦስት ግጥሞች ይደገማሉ። ማንም 6 አላገኘም፣ ማንም አልተሸነፈም፣ ያልተደገመለትም የሚያኮርፍበት ቁጥር የለውም። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው የተለየ ነው፤ ሰው ስለሚያውቀው ያደምጠዋል፣ ገጣሚውም ረጋ ይላል።

ባለ ሁለት ስንኟን ልጅ ለምነን መለስናት። ያንኑ ሁለት ስንኝ አነበበች። በመጀመሪያው ንባብ እንደ ፊቱ ነበር፣ ጥቂት ፊት ብቻ ፈካ። ሲደገም ግን «ቤት» የምትለው ላይ ስትደርስ ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ!» አለ፣ ከዚያ ሁለተኛው ስንኝ ሳያልቅ አዳራሹ ተነቃነቀ። ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው ብቻዋን እሷ አልነበረችማ።

አንድ እንከን ቶሎ ታየ። ድግግሞሹ ምሽቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ በጊዜ የሚሄዱት፣ ማለትም እነዚያው ሴቶች፣ ቢመረጡም አይገኙም። ስለዚህ ለሁለት ከፈልነው፤ ከእረፍት በፊት የተነበበው እረፍት ላይ ይደገማል፣ ከእረፍት በኋላ ያለው መጨረሻ ላይ። በጊዜ መሄድ ያለበት ሰውም ወንድም ይሁን ሴት የስሙ ወረቀት ላይ ምልክት ካደረገ ለመጀመሪያው ዙር ዕጣ ይገባል፣ ምክንያት አይጠየቅም። መዝገቤ ላይ «አልተገኘችም» የሚለው ቀንሷል፣ አልጠፋም።

በሌላ ቋንቋ ለሚያነብ ደግሞ ከሦስት ደቂቃው ውጪ አንድ ደቂቃ ተጨመረ፣ ግጥሙ ስለምን እንደሆነ በአማርኛ እንዲነግር። አንዳንዶች ይህን አይወዱትም፣ ግጥም አይተረጎምም ይላሉ። እውነት አላቸው፣ ግን ሳይገባው የሚያጨበጭብ ታዳሚ ይሻላል ብዬ አላምንም።

ፋሲካ መጥቶ አለፈ፣ ሐሙስ የእኛ ሆኖ ቀረ። እትዬ አሁን አንዳንዴ ራሳቸው ወረቀት ጽፈው ቆርቆሮው ውስጥ ይከታሉ፣ የማንን እንደሆነ አይናገሩም።

ሌላ ቦታ ለሚሞክር

ለሐዋሳዎቹ ልጆች የነገርኳቸውን እዚህ ልድገመው። ከስላም ደንብ መጀመሪያ የምትወስዱት ሰዓቱን ይሁን። ሦስት ደቂቃ ለእኛ በቂ ሆኗል፤ የሚበልጥ ግጥም ያለው ሰው ይቆርጠዋል ወይም ያልተነበበውን ለሚቀጥለው ወር ያቆየዋል። ሰዓቱን የሚይዘው ሰው ገጣሚ ባይሆን ይመረጣል፣ ከማንም ጋር ፉክክር የለውምና። ምልክቱም ድምፅ የሌለው ይሁን፤ ደወል ሞክረን ነበር፣ ሰው ደነገጠ፣ አንዱ ስንኙን ረሳ።

ዕጣ ወጪ የለውም፣ ቆርቆሮ ነው። ቀድሞ መምጣትን ከምትሸልሙ ቆይቶ ማዳመጥን ሸልሙ።

ዳኝነት የምትፈልጉ ከሆነ ስለ ሰፈራችሁ አስቡ። ተማሪዎች ብቻ ባሉበት ግቢ ውስጥ፣ ሰው እርስ በርሱ በሚቀላለድበት ቦታ፣ ካርዱና ነጥቡ ሊሠራ ይችላል፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሠራ አይቻለሁም፣ ልጆቹ በዳኛ ላይ ሲጮሁ ዳኛው ተነስቶ እጅ ነሳ። ሽማግሌና ልጅ፣ አለቃና ሠራተኛ አንድ ላይ በሚቀመጥበት አዳራሽ ግን ነጥቡ ውሸት ይሆናል። ሁሉም 9.8 ከሆነ ለምን ይደክማል? ብር ደግሞ በፍጹም መጀመሪያ ላይ አታስገቡ። ሽልማት መስጠት ካለባችሁ መጽሐፍ ስጡ፣ ወይም የሚቀጥለውን ምሽት የመክፈት ዕድል።

ታዳሚው ሥራ ይኑረው። ምንም ዓይነት ሥራ። የእኛው ብጣሽ ወረቀት ነው፣ የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከቤቱ ባለቤት ጋር ሒሳቡን በግልጽ ተነጋገሩ። ብዙ የግጥም ምሽት የሚዘጋው በግጥም ምክንያት አይደለም፣ አምስት ሰው አንድ ሻይ ለአምስት ስለሚያዝ ነው። እኛ አሁን ከመግቢያው 100 ብር ላይ የአንድ ሻይ ወይም ቡና ዋጋ ቀድመን ለእትዬ እንከፍላለን። ትርፋችን ቀነሰ፣ ጭቅጭቁም ቀረ።

ማይክ ግዙ። ይህ የግጥም ምክር አይመስልም፣ ግን ነው። ድምፃቸው ትንሽ የሆኑ ሰዎች በመጥፎ ማይክ ይሸነፋሉ፣ የሚጮሁት ማይክ አያስፈልጋቸውም። የመጀመሪያው የተጠራቀመ ብራችን የሄደው ለእሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለ ማይክ እንቀጥላለን፣ ያን ጊዜ ሁሉም ወንበሩን ወደፊት ይጎትታል።

አንድ ነገር ገና አልፈታንም፣ ቲክቶክን። አንዳንዶች ባነበቡ ማግስት ግጥማቸው ተቀርጾ ወጥቶ ያገኙታል፣ ሳይጠየቁ። አንዷ በዚህ ምክንያት ከቤተሰቧ ጋር ተጣልታለች። ስልክ እንከልክል ያሉ አሉ፤ ግማሹ ገጣሚ የሚያነበው ከስልኩ ላይ ነው፣ እንዴት ይከለከላል? ለጊዜው የዕጣው ወረቀት ላይ «አትቅረጹኝ» የሚል ቦታ አለ፣ መድረክ መሪው ስም ሲጠራ አብሮ ያነበዋል። ሰው ባብዛኛው ያከብረዋል። የማያከብረውን ምን እንደምናደርገው እየተጨቃጨቅን ነው፣ ሐዋሳዎቹ የተሻለ መላ ካገኙ ደንቡን እነሱ ይላኩልን።